የእንግሊዝኛ ሰዋስው በየዕለቱ ሥራ ላይ

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላልም የሚጠቅመው ሲወጡበት እንጂ ተጋድሞ ሲያዩት አይደለም። እንደዚሁም እንግሊዝኛን ለሕፃናት የሚያስተምር መምህር ደንቡን በቃል ከማስጠናት አልፎ፣ ያው ደንብ በመድኃኒት ማሸጊያ፣ በገበያና በሰዎች ንግግር ላይ ምን ሥራ እንደሚሠራ ሊያሳይ ይገባዋል። ሦስት ምሳሌ እንሰጣለን።

አንደኛው የ«ኤ» ነገር ነው። በኪኒን ማሸጊያ ላይ «ቴክ ዋን ታብሌት ቱ ታይምስ ኤ ዴይ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ትርጓሜው «አንድ ፍሬ ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ ውሰድ» ማለት ነው። ተማሪው ግን «ኤ» ማለት «አንድ» ነው ብሎ ብቻ ተምሮ እንደ ሆነ፣ «ኤ ዴይ» የሚለውን «አንድ ቀን» ብሎ ይተረጕመዋል፤ በሽተኛውም መድኃኒቱን አንድ ቀን ብቻ ወስዶ ይተወዋል። ነገር ግን «ስንት ጊዜ» ወይም «ስንት ዋጋ» ከሚል ቃል ቀጥሎ፣ በጊዜ ወይም በመስፈሪያ ስም ፊት ሲቆም፣ «ኤ» «በየ» ማለት ይሆናል። በገበያም «ቴን ብር ኤ ኪሎ» ቢባል «አንዱ ኪሎ በ10 ብር» ማለት ነው። እንግዲህ ይህች ታናሽ ቃል በትክክል ስትተረጐም ጤና ትጠብቃለች፤ ስትሳት ግን ትጐዳለች።

ሁለተኛው የቃላት ተራ ነው። በአማርኛ «ውሻው ልጁን ነከሰው» ወይም «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንል፣ «ን» ተሳቢውን ስለምታስታውቅ የነከሰው ማን እንደ ሆነ አይሰወርም። በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ ምልክት በስም ላይ የለም። «ዘ ዶግ ቢት ዘ ቦይ» ሲባል ባለቤቱ ከግሱ በፊት፣ ተሳቢው ከግሱ በኋላ ይቆማል፤ ሁለቱን ስሞች ቢያለዋውጧቸው ልጁ ውሻውን ነከሰ ማለት ይሆናል። ከ1,000 ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ የስም መድረሻ እንደ ሙያው ይለዋወጥ ነበር፤ ያ መድረሻ ቀስ በቀስ ስለ ጠፋ ሥራውን የቃላት ተራ ወረሰው። የቀድሞው ልማድ ቅሬታ ዛሬ በ«ሂ» እና በ«ሂም» ላይ ይታያል፤ የፊተኛው «እርሱ»፣ የኋለኛው «እርሱን» ነው።

ሦስተኛው የአክብሮት ነገር ነው። እንግሊዝኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «እናንተ» የምንለውን ሁሉ «ዩ» በሚል በአንድ ቃል ይናገራል። ቀድሞ «ዛው» ለአንድ ሰው፣ «ዩ» ለብዙዎች ይነገር ነበር። ኋላ ግን ትልቅን ሰው እንደ ብዙ ቈጥሮ «ዩ» ማለት ልማድ ሆነ፤ አክብሮቱም ለሁሉ ተዳርሶ «ዛው» ከተራው ንግግር ወጣ። ስለዚህ ልጅ ሽማግሌን «ዩ» ቢል ድፍረት አይደለም። በእንግሊዝኛ ትሕትና ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በጥያቄ መልክ ነው። «ኦፕን ዘ ዶር» ትእዛዝ ነው፤ «ኩድ ዩ ኦፕን ዘ ዶር፣ ፕሊዝ» ግን ልመና ነው። «ኩድ» በመልኩ የኃላፊ ጊዜ ቃል ሳለ፣ እዚህ ላይ ቃሉን ያለሰልሳል እንጂ ስላለፈ ነገር አይናገርም።

ስለዚህ መምህራን ባዶ የመድኃኒትና የሳሙና ማሸጊያ ወደ ክፍል አምጥተው፣ ተማሪዎች ግሱን፣ ባለቤቱንና ተሳቢውን እንዲለዩ ቢያደርጉ መልካም ነው። ሽማግሎችም ልጅን ጽሑፍ ሲያስነብቡ፣ የሚያውቀውን ቃል ብቻ ሳይለቅም ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ እንዲተረጕም ይጠይቁት። የመድኃኒት ነገር ሆኖ ከተጠራጠረ ግን ሳይገምት የጤና ባለሙያ ይጠየቅ። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለባዕድ ቋንቋም ይሠራልና።