አፈርሽን ሳትነግሪኝ ምክር አትጠይቂኝ

ልጄ፣ ሰሚት በኩል ቤት ገብተሽ ጓሮ መቆፈር እንደ ጀመርሽ እናትሽ ነግራኛለች። የላክሽልኝ ጥያቄ ብዙ ነው፤ መልሱን እንዳይምታታብሽ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ። አንዳንዱ ቁጥር ረዥም፣ አንዳንዱ አጭር የሆነው እኔ የማውቀው በዚያው ልክ ስለሆነ ነው።

1. ማንም ሰው ስለ አትክልት ሲመክርሽ በቅድሚያ የእሱን አፈር ጠይቂው። እኔ ያለሁት ጉለሌ፣ እንጦጦ ሥር ነው። አፈሬ ቀይ ነው፤ ሌሊቱን የዘነበውን እስከ ረፋድ ያሳልፈዋል። ያንቺ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ውሃ ቋጥሮ ይቀመጣል። እዚህ ሰፈር «ጉድጓድ ቆፍረሽ ትከዪ» ብንልሽ ለኛ ልክ ነን። አንቺ ጋ ግን ያ ጉድጓድ ውሃ ያቁርና የችግኙን ሥር ያበሰብሰዋል። ላንቺ የሚሆንሽ ከፍ ያለ መደብ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጊው፤ በመደቦቹ መካከል ውሃው የሚወርድበት ቦይ ተዪ። ወርዱ ከሁለቱም ጎን ተንበርክከሽ እጅሽ መሀሉን የሚደርስበት ይሁን፤ መደቡ ላይ እየወጣሽ የምትሠሪ ከሆነ ዋልካው ተጠቅጥቆ ድካምሽ ከንቱ ይቀራል።

ዋልካ ሲረጥብ አትንኪው። ጭቃው ከዶማው ጋር ተጣብቆ ይነሣል፣ ያገላበጥሽውም ሲደርቅ በመዶሻ የማይሰበር ጓል ይሆናል። ጨርሶ ከደረቀም ዶማ አይገባውም። መካከለኛዋን ሰሞን ጠብቂ፤ አንድ እፍኝ ጨብጠሽ ስትለቂው፣ በጣትሽ ነካ ስታደርጊው ከተፈረፈረ ጊዜው ነው። «አሸዋ ጨምሪበት» የሚሉሽን አትስሚ። አንድ ጋሪ አሸዋ ዋልካ ላይ የት እንደ ገባ እንኳ አይታወቅም። ዋልካን የሚያላላው ብስባሽ ነው፤ እሱም በየዓመቱ።

2. ብስባሽ ካልን፣ ፍግ ከበረት ወይም ከዶሮ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ችግኝ ሥር አይገባም። በተለይ የዶሮ ኩስ ትኩሱን ከሆነ ያቃጥላል። ክምር ሥሪ። ከታች አየር የሚያስገባ ጭራሮ አንጥፊ፤ በላዩ ደረቅ ቅጠልና ጭድ፣ ቀጥሎ እርጥብ አረምና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ቀጥሎ ፍግ፣ ከዚያ ስስ አፈር። እንዲህ እየደራረብሽ እስከ ወገብሽ አድርሺው። ዘር የያዘ አረም ግን እንዳትጨምሪ፤ በሚቀጥለው ዓመት በገዛ እጅሽ ዘራሽው ማለት ነው።

በክምሩ መሀል ረዥም ዱላ ሰክተሽ ተዪ። ሳምንት ቆይተሽ ምዘዢውና በመዳፍሽ ያዢው። ሞቆ፣ ወዝቶም ከወጣ ክምሩ እየሠራ ነው። ሞቆ ነገር ግን ደርቆ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ ከወጣ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞና ረጥቦ ከሸተተ ደግሞ ውሃ በዝቶበታል፤ ገልብጪው፣ ደረቅ ጭድ አቀላቅዪበት። በሦስት በአራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ የዝናብ ሽታ የሚሸት አፈር ታገኛለሽ። የሙቀት መለኪያ የገዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ እኔ ዱላዬን አልለውጥም።

አመድን በሚመለከት ጎረቤቶችሽ ይከራከሩሻል። እንደኔ ያለው የደጋ ቀይ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ኮምጣጣ ነው፤ አመድ ያለዝበዋል። ዋልካ ብዙውን ጊዜ ይህ ችግር የለበትም። ስለዚህ እኔ በእፍኝ የምበትነውን አንቺ በቁንጥጫም አትፈልጊው ይሆናል። ድንች መደብ ላይ ከበተንሽው ደግሞ የድንቹ ልጣጭ እከክ ያወጣል። የቡና አተላ ስስ አድርገሽ ክምሩ ውስጥ ጨምሪው። የጠላ አተላ የላም ነው፤ ላም ከሌለሽ ለክምሩ ይሁን እንጂ ሥር ላይ አትድፊው።

3. ቲማቲም በአዲስ አበባ ክረምት ደጅ ላይ አይሆንም። ሞክረው የተሳካላቸው ሰዎች ይነግሩሻል፤ ከላዩ ፕላስቲክ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። ምች የምንለው በሽታ በብርድና በእርጥበት ይመጣል። ቅጠሉ ላይ ውሃ ያበሰበሰው የመሰለ ቡናማ ነጥብ ይወጣል፤ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ቅጠሉን ብትገለብጪው በነጥቡ ዳር ዳር ስስ ነጭ ሻጋታ ታያለሽ። ይህን ካየሽ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ መደቡ በሙሉ ይጠቁራል። እ.ኤ.አ. በ1845 የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ሕዝቡን ለረሃብ የዳረገው ይኸው በሽታ ነው። ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ስለሆኑ ካንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ድንች በነበረበት ላይ ቲማቲም አትትከዪ፤ ጎን ለጎንም አታድርጊያቸው። የታመመውን ነቅለሽ ከግቢ አውጪው፣ ክምሩ ውስጥ እንዳይገባ። ችግኙን ጥር ላይ መደብ አስገቢና ሥሩን እንጂ ቅጠሉን ሳታርሺ አጠጪ፤ ክረምቱ ሳይከብድ ትለቅሚያለሽ።

ውርጭ የሚጥለው ሰማይ ጥርት ባለበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ ከግቢሽ ረባዳውን ቦታ ቀድሞ ይመታል። አመሻሽ ላይ ጆንያ አልብሺ፣ ጠዋት ግለጪ።

4. ተባይ ስታዪ ቶሎ አትግደዪ፤ መጀመሪያ ቁጭ ብለሽ እዪ። ጎመንሽ መሀል አመድማ ክሽክሽ ገብቶ ቅጠሉ ተኮማትሮ ይሆናል። ገልብጪው። ከክሽክሾቹ መካከል አብጠው ቆዳቸው የደረቀ፣ ቡናማ የሆኑ፣ ጀርባቸው የተበሳም ካሉ፣ ውስጣቸው ደቃቅ ተርብ እንቁላል ጥላ ልጇ በልቷቸው ወጥቷል ማለት ነው። ያንን ቅጠል ካጠፋሽ ረዳቶችሽን አጠፋሽ። ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ ሁሉም ያውቃታል፣ ይወዳታልም። ልጇን ግን ሰው እያየ ይጨፈልቃል፤ ምክንያቱም ትንሽ አዞ ነው የምትመስለው፣ ጥቁር ሆና ብርቱካን ቀለም ጣል ጣል ያለባት። ክሽክሽ በመብላት ከእናቷ አትተናነስም። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ካየሽ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው፤ በምላሹም ከጠላት ይጠብቀዋል። የጉንዳኑን መንገድ ከቆረጥሽ ግማሹን ሥራ ጨረስሽ።

በጣም ሲብስ የባሰበትን ቅጠል ቀንጥሰሽ አውጪ። የቀረውን በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ከሥር ወደ ላይ እርጪው። በጠራራ ፀሐይ አይሁን፣ ቅጠሉ ይቃጠላል።

5. ጠዋት ስትነሺ ችግኝሽ ከመሬቱ ላይ ተቆርጦ ከተጋደመ ወፍ አትርገሚ፤ ቆራጭ ትል ነው። ችግኙ ዙሪያ በጣትሽ ጫር ጫር ብታደርጊ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛለሽ። ለዶሮ ስጪው። ለሌሎቹ ችግኞች ወፍራም ወረቀት እንደ ቀለበት አድርገሽ አንገታቸው ላይ አጥልቂ፣ ጫፉን አፈር ውስጥ ቅበሪው።

6. በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ፣ ጽሑፍ ሳይኖረው የሚሸጥ መድኃኒት ወደ ቤትሽ አይግባ። ምን እንደሆነ አታውቂም፣ ተረጭቶ ስንት ቀን ሳይሞላው እንደማይበላም አታውቂም። በዚያ ላይ ልጆች ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል። ቱታ አብሶሉታ የሚሉት የቲማቲም ትል እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ውስጥ ከታየ ወዲህ ሰዉ መርጨት አብዝቷል። ትሉ ግን በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል ዋሻ ሠርቶ የሚኖር ነው፤ ብዙ ዓይነት መድኃኒትም ለምዷል። ጓሮ ውስጥ ላሉ ጥቂት እግር ቲማቲሞች ነጣ ያለ ዋሻ ያለበትን ቅጠል በየሁለት ቀኑ ለቅሞ ማቃጠል ይሻላል።

«ከቅጠል የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም» ለሚሉሽም ጥንቃቄ አድርጊ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን በእንዶድ የማጥፋት ምርምራቸውን የጀመሩት። ታላቅ ሥራ ነው። ይኸው እንዶድ ግን ዓሣንም ይፈጃል። የትንባሆ ውሃ ደግሞ ኒኮቲን ነው፤ በቆዳ የሚገባ መርዝ። በዚያ ላይ ከትንባሆ ወደ ቲማቲም የሚዛመት ቫይረስ አለ። አጫሽ ዘመድሽ ቲማቲምሽን ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቅር ቢለውም።

7. ችግኝ መለዋወጥ መልካም ነው፤ በሽታም የሚዛመተው በዚያው ነው። ሰው የሰጠሽን ችግኝ ሥሩን አጥበሽ፣ የቅጠሉን ሆድ አይተሽ፣ ጥቂት ሳምንት ለብቻው ጣሳ ላይ አቆዪው። ጉራጌና ሲዳማ እንሰት የሚተክሉ ሰዎች ይህን ካንቺ በላይ ያውቁታል፤ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ካንዱ እንሰት ወደ ሌላው የሚሻገርበት ዋናው መንገድ ቢላዋ ነው። መቁረጫሽን እሳት ላይ ለብለብ ሳታደርጊ ከዛፍ ወደ ዛፍ አትሂጂ። የአበሻ ጎመን ዘር ስትይዢ ደግሞ ቀድሞ ያበበውን ተዪውና ቅጠል ሲሰጥሽ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ካበበው ያዢ።

8. አሁን ወደ እንጆሪው፤ ዋናው ጥያቄሽ እሱ መሰለኝ። ችግኙን አትግዢ፣ እኔ አለሁ። እናቲቱ መሬት ለመሬት ክንድ ትዘረጋለች፤ ክንዱ አፈር በነካበት ሁሉ ልጅ ታበቅላለች። ሥር ከያዘች በኋላ ክንዱን ቆርጠሽ ትወስጃታለሽ። ስትተክዪ ልቧ፣ ቅጠሎቹ የሚወጡበት እምብርት፣ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን። ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ከፍ ካለም ሥሩ ይደርቃል። ዋልካ ላይ ከፍ ያለ መደብ ሳትሠሪ እንዳትሞክሪው። የመጀመሪያውን አበባ ቀንጥሺ፤ አንጀትሽ አይችልም፣ ግን ቀንጥሺ፣ ሥሯ ይጠነክራል። ፍሬ ሲይዝ ሥሩ ጭድ ጎዝጉዢ፤ እርጥብ መሬት የነካው ፍሬ ግራጫ ሻጋታ ያወጣል። ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ማታ ይመጣል። እርጥብ ጆንያ መደቡ አጠገብ ጥለሽ እደሪና ጠዋት ገልብጪው፤ ሁሉም እዚያ ሥር ተኝተው ታገኛቸዋለሽ። በሦስት ዓመቱ አሮጌዎቹን ነቅለሽ በልጆቻቸው ተኪ።

በጫካ የምናውቀው ባለ እሾሁ እንጆሪ ሌላ ተክል ነው። ያፈራው ዘንግ ዳግመኛ አያፈራምና ለቅመሽ ስትጨርሺ ከሥሩ ቁረጪው፤ አዲሶቹን ዘንጎች ለከርሞ ተዪ። ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ይከረክምና «ዘንድሮ እምቢ አለኝ» ይላል።

ከሁሉም የሚቀለው የፈረንጅ አውጥ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳ ከረጢቱን እንደለበሰ ሲበስል ራሱ ይወድቃል፤ አንቺ መልቀም ብቻ ነው። አረንጓዴ ሳለ ግን ልጆች እንዳይበሉት፣ ሆድ ያማል።

ለአጥር ደግሞ ቆርቆሮ ከምታዪ አጋም፣ ቀጋና ኮሽም አስቢ። እሾሃቸው አጥር ነው፣ ፍሬያቸው ለልጅ መክሰስ፤ ኮሽም ማርማላታም ይወጣዋል። ኮሽም ወንድና ሴት ስላለው አንድ እግር ብቻ ተክለሽ ፍሬ አትጠብቂ። ችግኝ ሳለ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። አምስት ስድስት እግር እሰጥሻለሁ፤ ግማሹን ከአጥሩ ማዶ ላለችው ጎረቤትሽ ስጫት። ሲያብቡ አይተን ወንዱ ከበዛ እንቀንሳለን።