ስለ ደርግ ዘመን ጦርነት ምን ላንብብ?

ጥያቄ፦ የአፍንጮ በር ነዋሪ ነኝ። ስለ ደርግ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነትና ስለ መሪዎቹ ማንበብ እፈልጋለሁ። በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

መልስ፦ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ከሆነ ያለማመንታት በገብሩ ታረቀ ይጀምሩ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው የአብዮቱ ታሪክ መጽሐፋቸው የመከላከያ ሚኒስቴርን መዛግብት የፈተሸ ነው። አፋቤት በ1980፣ ሽሬ በ1981 ዓ.ም. እንዴት እንደወደቁ፣ የአዛዦች ሽኩቻና የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጣልቃ ገብነት ሠራዊቱን ምን እንዳደረገው ያሳያል።

የመሪዎቹን ትዝታ ለብቻው አያንብቡ። የመንግሥቱን «ትግላችን» ሲይዙ የምክትላቸውን የፍስሐ ደስታን «አብዮቱና ትዝታዬ» ከጎኑ ያስቀምጡ፤ ሁለቱ የሚለያዩበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት፤ ዋናው ጥያቄ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። በዘመኑ ስለነበሩት የግራ ድርጅቶች ደግሞ፣ ለኢሕአፓ የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»፣ ለመኢሶን የአንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» አሉ። ሁለቱም ለድርጅታቸው ይቆረቆራሉ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የነካኝ የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ነው። የምትወደው ጌታቸው ማሩ የተገደለው በገዛ ድርጅቱ በኢሕአፓ እጅ ነበር፤ እሷ ደግሞ በደርግ እስር ቤት ስምንት ዓመት ገደማ ቆይታለች። ይህን ያህል ተጎድታ በጥላቻ አለመጻፏ ይደንቀኛል።

ገበያ ላይ ያጡትን ለሰፈርዎ ቅርብ በሆነው ስድስት ኪሎ፣ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ።