ባለቤት፣ አሽከርካሪና ከፋይ፦ በሌላ ሰው መኪና ላይ የኤሌክትሮኒክ የመንገድ ክፍያን ስለማደራጀት

አጽሕሮተ ጥናት

የክፍያ መንገዶች ከበር ወደ ካሜራ ሲሸጋገሩ፣ ክፍያውን የሚጠየቀው ሰው ይለወጣል። በበር ላይ የሚጠየቀው መሪውን የያዘው ሰው ነው፤ በካሜራ ሥርዓት ግን መጀመሪያ የሚፈለገው ሰሌዳው በስሙ የተመዘገበው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የአሜሪካን የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ግዛቶች አሠራር መነሻ በማድረግ፣ የሌላ ሰው ንብረት በሆነ መኪና ላይ ክፍያው እንዴት በአግባቡ ሊደራጅ እንደሚችልና ይህ ካልተደረገ ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይመረምራል። በመጨረሻም ለኢትዮጵያ የሚሆነውን ትምህርት ያመለክታል።

1. መግቢያ

በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አሽከርካሪው ሲገባ ካርድ ይቀበላል፤ ሲወጣ በተጓዘው ርቀትና በተሽከርካሪው ዓይነት ተሰልቶ ይከፍላል፤ በሩም ይከፈትለታል። በዚህ አሠራር መኪናው የማን ነው የሚል ጥያቄ አይነሣም። መኪና ተውሶ የመጣውም፣ ተቀጥሮ የሚያሽከረክረውም፣ የራሱን የያዘውም እኩል ናቸው። ዕዳው በሩ ላይ ተወልዶ በሩ ላይ ያልቃል።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያለው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየምዕራፉ የተከፈተው የሜሪላንዱ ኢንተርካውንቲ ኮኔክተር፣ እንዲሁም በቨርጂኒያ በ2012 በ495 እና በ2014 በ95 አውራ ጎዳናዎች ላይ የተከፈቱት ኤክስፕረስ ሌኖች ገንዘብ ተቀባይም ሆነ የሚያቆም በር የላቸውም። በአካባቢው ቁጥሩ ከፍ ያለ የኢትዮጵያ ተወላጅ ይኖራል። በአንድ ሰው ስም የተመዘገበን መኪና ቤተሰቡ ሁሉ መንዳቱ፣ አዲስ ለመጣ ዘመድ መኪና ማዋሱም የተለመደ ነው። ስለዚህ «በሰው መኪና የተጓዝኩበትን ማን ይከፍላል?» የሚለው ጥያቄ የዘወትር ጥያቄ ነው።

2. የሥርዓቱ አሠራር

በሁለቱም ግዛቶች የሚሠራበት ሥርዓት ኢዚ-ፓስ ይባላል። ተጠቃሚው አስቀድሞ ገንዘብ የሚያስገባበት ሒሳብ ይከፍታል፤ በመኪናው የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ትራንስፖንደር የተባለ አነስተኛ መሣሪያም ይሰጠዋል። መኪናው በመንገዱ ላይ ከተተከለው አንባቢ ሥር ሲያልፍ መሣሪያው በራዲዮ ሞገድ መለያ ቁጥሩን ያስተላልፋል፤ ክፍያውም ከሒሳቡ ይቀነሳል። መሣሪያው ካልተነበበ ካሜራ ሰሌዳውን ያነሣል። የሰሌዳ ቁጥሩ በአንድ ሒሳብ ላይ ተመዝግቦ ከተገኘ ክፍያው ከዚያው ሒሳብ ይወሰዳል። ካልተገኘ ግን የክፍያ ማስታወቂያ መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው በፖስታ ይላካል። በሜሪላንድ በዚህ በሰሌዳ ምስል የሚጠየቀው ክፍያ ከመደበኛው በግማሽ ያህል ይበልጣል።

ከዚህ መረዳት የሚገባን ዋናው ነጥብ ሥርዓቱ ሦስት ሰዎችን ለያይቶ የሚያይ መሆኑን ነው፤ እነርሱም የመኪናው ባለቤት፣ አሽከርካሪውና የሒሳቡ ባለቤት ናቸው። ሒሳብ ለመክፈት የመኪና ባለቤት መሆን ግዴታ አይደለም። ሒሳቡ የሚፈልገው የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ሰሌዳውን የሰጠውን ግዛት፣ የመኪናውን ሥሪት፣ ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ነው። ስለዚህ የሌላን ሰው መኪና በራስ ሒሳብ ላይ ማስመዝገብ በሥርዓቱ የታወቀ መንገድ እንጂ ማታለል አይደለም።

3. በተግባር እንዴት ይደራጃል?

የመጀመሪያው ተግባር ከባለቤቱ ጋር በግልጽ መስማማት ነው። ሰሌዳው ቀደም ሲል በባለቤቱ ወይም በሌላ ቤተሰብ ሒሳብ ላይ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ተዋሹ በራሱ ሒሳብ ላይ ሊደግመው ሲሞክር ግጭት ይፈጠራል። በዚህ ጊዜ ክፍያው ከማን ሒሳብ እንዲወሰድ እንደሚፈለግ ወስኖ ሰሌዳውን በአንዱ ሒሳብ ላይ ብቻ ማስቀረት ይገባል።

ሁለተኛው የጊዜ ገደብ ነው። ለቅዳሜና እሑድ የተዋሰ ወይም መኪና የተከራየ ሰው፣ ሰሌዳውን ሲያስመዘግብ መኪናውን የሚረከብበትንና የሚመልስበትን ቀንና ሰዓት ማስገባት፣ ሲመልስም ሰሌዳው ከሒሳቡ መውጣቱን ማረጋገጥ አለበት። ይህን ያልፈጸመ ሰው ባለቤቱ ወይም ቀጣዩ ተከራይ የሚጓዝበትን ሁሉ ሊከፍል ይችላል። የኪራይ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ለመንገድ ክፍያ የራሳቸው መርሐ ግብርና ተጨማሪ የአገልግሎት ዋጋ ስላላቸው፣ ተከራዩ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው መሣሪያውን የሚመለከት ነው። መሣሪያው በሒሳቡ ላይ ከተመዘገቡት መኪናዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዘዋወር ይችላል። ሆኖም የባለቤቱ መሣሪያ በመስታወቱ ላይ እንዳለ ተዋሹ የራሱን ቢጨምር፣ አንባቢው የትኛውን እንደሚያነብ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ሁለቱም ሊነበቡ ይችላሉ። መፍትሔው የማይፈለገውን ከመኪናው ማውጣት ወይም ሞገድ በማያሳልፍ ከረጢት ውስጥ ማኖር ነው። መስታወታቸው የብረት ቅብ ባላቸው አንዳንድ መኪናዎች ደግሞ መሣሪያው ከውስጥ ላይነበብ ስለሚችል፣ ከውጭ በሰሌዳው ላይ የሚታሰር ዓይነት ያስፈልጋል።

በቨርጂኒያ ኤክስፕረስ ሌኖች ፍሌክስ የተባለው መሣሪያ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሦስትና ከዚያ በላይ ሰዎች የያዘ መኪና ማብሪያ ማጥፊያው በዚያ አኳኋን ከተቀመጠ በነፃ ያልፋል። ከፍሌክስ መሣሪያ ጋር መኪና የሚያውስ ሰው ማብሪያ ማጥፊያው በየትኛው ወገን እንደሆነ ለተዋሹ መንገር አለበት። ብቻውን የሚጓዝ ሰው በነፃ ተጓዥ አኳኋን ቢያልፍ እንደ ደንብ ጥሰት ይቆጠራልና።

4. ክፍያው ካልተፈጸመ ተጠያቂው ማን ነው?

በቨርጂኒያ ሕግ፣ ክፍያ ሳይፈጸም ያለፈው መኪና ባለቤት ወይም ተከራይ ጥፋቱን እንደፈጸመ ይገመታል። ግምቱ ግን ሊስተባበል የሚችል ነው። ባለቤቱ በወቅቱ መኪናውን ያላሽከረከረ መሆኑን በቃለ መሐላ ጽፎ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት በፖስታ ሊልክ ወይም ችሎት ቀርቦ በመሐላ ሊመሰክር ይችላል። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ የፖሊስ ሪፖርት ግልባጭ ግምቱን ያፈርሰዋል። ባለቤቱ የአሽከርካሪውን ስምና አድራሻ ከሰጠ መጥሪያው ለዚያ ሰው ሊወጣ ይችላል።

ጉዳዩ ቀላል የማይሆነው ከዚህ በኋላ በሚከተለው የቅጣት መሰላል ምክንያት ነው። ጥቂት ዶላር የነበረው ክፍያ የአስተዳደር ወጪ ይጨመርበታል። ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ፍትሐ ብሔራዊ ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጥፋት 50 ዶላር ሲሆን፣ ጥፋቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሲደጋገም ወደ 100፣ 250 እና 500 ዶላር ያድጋል። ፍርዱ ካልተፈጸመ የመኪናው ምዝገባ እድሳት ሊከለከል ይችላል። ማስታወቂያው የሚላከው በሞተር ተሽከርካሪዎች መምሪያ መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ስለሆነ፣ ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላሳደሰ ባለቤት ዘመዱ የተጓዘበትን ዕዳ የሚያውቀው ምዝገባውን ሊያሳድስ ሲሄድ ሊሆን ይችላል። መኪና ማዋስ መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ሥርዓት ያዋሰ ሰው ከመኪናው ጋር ስሙንም እንዳዋሰ ይቆጠራል።

5. ለኢትዮጵያ ያለው ትምህርት

የባለቤት ኃላፊነት ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢያሽከረክረውም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበረ ያስረዳ ባለቤት ግን በዚሁ አንቀጽ መሠረት ነፃ ይሆናል። ይህ ድንጋጌ ስለ ጉዳት እንጂ ስለ መንገድ ክፍያ የሚናገር አይደለም፤ ሆኖም ሐሳቡ ከቨርጂኒያው ግምት ጋር ዝምድና አለው።

ዋናው ልዩነት ያለው በመዝገቡ ላይ ነው። በአገራችን መኪና ስም ሳይዛወር በውክልና መሸጡ የታወቀ ልማድ ነው። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሊብሬው በስሙ እንዳለ ይቀራል፤ ገዢውም በተራው ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል። በር በሌለበት የካሜራ ሥርዓት የመጀመሪያው ማስታወቂያ የሚደርሰው መኪናውን ከሸጠ ዓመታት ላለፉት ሰው ይሆናል ማለት ነው። በቨርጂኒያ የተለየ ሁኔታ የሆነው የባለቤትና የአሽከርካሪ መለያየት በእኛ ዘንድ ሰፊ ክስተት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደዚህ ሥርዓት ለመሸጋገር የሚታሰብ ከሆነ ሦስት ነገሮች መቅደም ይኖርባቸዋል። አንደኛ፣ ባለቤት ያልሆነ ተጠቃሚ ሰሌዳውን ከነጊዜ ገደቡ በራሱ ሒሳብ ላይ የሚያስመዘግብበት ቀላል መንገድ ሊኖር ይገባል። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው በአድራሻ ብቻ ሳይሆን በስልክም መድረስ አለበት። ሦስተኛ፣ የተረጋገጠ ውክልና ቀንና የተወካይ ስም ስላለው፣ ባለቤቱ ግምቱን ለማስተባበል በማስረጃነት ሊያቀርበው የሚችልበት ደንብ ሊወጣ ይገባል።

6. መደምደሚያ

የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ወረፋን ያስቀራል፤ የኃላፊነትን ጥያቄ ግን አያስቀርም፤ ከአሽከርካሪው ወደ ሰሌዳው ያዛውረዋል እንጂ። በሰው መኪና የሚጓዝ ሰው ሰሌዳውን በወቅቱ በራሱ ሒሳብ ላይ ሲያስመዘግብና ሲመልስ ሲያስወጣ፣ ባለቤት፣ አሽከርካሪና ከፋይ ዳግመኛ ይገናኛሉ። ለግለሰቡ ይህ ከጉዞ በፊት የሚፈጸም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለሕግ አውጪው ደግሞ ካሜራው ከመተከሉ በፊት መዝገቡ እውነተኛውን ተጠቃሚ እንዲያሳይ ማድረግ ነው።