እልህና ኮከብ፤ በካርታ ጨዋታ ደረጃ ስንወጣ ስለሚያስፈልገን ዲሲፕሊን



የዚህ እትም የጥናት ርዕስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ጉዳዩ የደረሰብን እኛው ስለሆንን ግን በዝምታ ልናልፈው አልፈለግንም።

ከግለ ሂስ እንጀምር። ባለፈው የትምህርት ዘመን በአንድ መኝታ ክፍል የምንኖር ሦስት የሕክምና ተማሪዎች ሃርዝስቶን የተባለውን የኢንተርኔት የካርታ ጨዋታ እንጫወት ነበር። የጨዋታው ውድድር በየወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ የባዮኬሚስትሪ ፈተናችን ደግሞ በማግስቱ ነበር። «አንድ ብቻ እንጨምር» እያልን ነጋብን። ከሦስታችን ሁለታችን ወደቅን። ነፃ የትምህርት ዕድላችን የተረፈው በድጋሚ ፈተና ነው። ለወላጆቻችን በስልክ «ፈተናው ከብዶ ነበር» አልናቸው። እውነቱን አልነገርናቸውም።

ሀ. የደረጃው አሠራር

ሃርዝስቶን በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጨዋታ ነው። ደረጃዎቹ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየምና አልማዝ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 10 እርከን፣ እያንዳንዱም እርከን 3 ኮከብ አለው። ከሁሉም በላይ ሌጀንድ ይገኛል። በታችኞቹ እርከኖች ተከታታይ ድል ተጨማሪ ኮከብ ያስገኛል። አልማዝ 5 ላይ ሲደረስ ግን ይህ ድጎማ ይቀራል፤ ድል አንድ ኮከብ ይሰጣል፣ ሽንፈት አንድ ኮከብ ይወስዳል። ከዚያ እስከ ሌጀንድ 15 ኮከብ ነው።

ለ. ሒሳቡ ምን ይላል?

ከ100 ጨዋታ 55ቱን የሚያሸንፍ ጎበዝ ተጫዋች የተጣራ ትርፉ 10 ኮከብ ነው። ስለዚህ 15 ኮከብ ለማግኘት በአማካይ 150 ያህል ጨዋታ ያስፈልገዋል። አንዱ ጨዋታ 10 ደቂቃ ቢፈጅ 25 ሰዓት ይሆናል፤ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ይኸው ጎበዝ ተጫዋች ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ የመሸነፍ ዕድሉ ከ100 ወደ 9 ይጠጋል። እንግዲህ ሦስት ሽንፈት የተለመደ ነገር ነው። በሽታው ከሽንፈቱ በኋላ የሚመጣው እልህ ነው። እልህ የያዘው ሰው ሳያስብ ይጥላል፣ የተቃራኒውን ካርታ መቁጠር ይተዋል። ድሉ ከ100 ወደ 48 ከወረደ ብዙ በተጫወተ ቁጥር ብዙ ይከስራል። ያለፈው ሽንፈት ለሚቀጥለው ድል ዋስትና አይሆንም፤ ካርታ ዕዳ የለበትም።

ሐ. የተስማማንባቸው ደንቦች

1. የምንጫወትበትን ሰዓት ከጥናት በኋላ እናደርጋለን፤ የምናቆምበትንም ሳንጀምር በወረቀት እንጽፋለን።

2. በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተሸነፍን እንዘጋለን። ለማቆም መወሰን ያለብን ረጋ ባልንበት ሰዓት ነው፤ የተናደደ ሰው ራሱን አይዳኝም።

3. የመረጥነውን የካርታ ስብስብ 30 ጨዋታ ሳንሞክረው አንለውጥም። በየቀኑ መድኃኒት የሚለዋውጥ ሐኪም የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

4. እያንዳንዱን ሽንፈት በደብተር እንመዘግባለን፤ የዕጣ ነው ወይስ የራሳችን ስህተት?

ከመካከላችን እስካሁን ሌጀንድ የደረሰ የለም። ደብተሩ ግን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ለዕጣ ስንሰጠው ከነበረው ሽንፈት አብዛኛው፣ በተለይ ሌሊት የደረሰብን፣ የገዛ ስህተታችን ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ የጨዋታ ሱስን አካቷል። ምልክቶቹ ራስን መቆጣጠር ማቃት፣ ጨዋታን ከሌላው ኑሮ ማስቀደምና ጉዳቱን እያዩ መቀጠል ናቸው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወራት የታየ መሆን አለበት። በአንድ ሌሊት ማንም ሱሰኛ አይባልም። ሆኖም ያቺን ሌሊት ስናስታውስ ሦስቱንም ምልክቶች በጥቂቱ እናያቸዋለን።

የውይይት ጥያቄዎች

1. ባለፈው ሳምንት «አንድ ብቻ» ያልነው ስንት ጊዜ ነው?

2. ለወላጆቻችን ያልነገርናቸው ነገር አለ?