የባትሪ ውሃ ቶሎ ቶሎ ሲጎድል

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ታስቸግራለች። የባትሪዋ ውሃም ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። የቧንቧ ውሃ ብጨምርበት ይጎዳዋል?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያሉት ማዕድናት የባትሪውን ሳህኖች ስለሚጎዱ ዲስትልድ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ። አሲድም አይጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ሙቀት ውሃውን ይቀንሰዋል። ቶሎ ቶሎ ከጎደለ ግን ዲናሞው ከመጠን በላይ ቻርጅ እያደረገ ሊሆን ይችላል። መኪናዋ ካደረች በኋላ፣ ሞተር ሳይነሳ በቴስተር ይለኩ። 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ቻርጅ ያስፈልገዋል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በአብዛኛው ከ13.7 እስከ 14.7 ቮልት ማሳየት አለበት።

ክዳኖቹን ከመክፈትዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ፣ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ። ውሃው ሳህኖቹን ይሸፍን፤ ከላይኛው ምልክት ግን አይለፍ። ሳህኖቹ ተጋልጠው ካገኟቸው እስኪሸፈኑ ብቻ ይጨምሩና ቻርጅ ከተደረገ በኋላ እስከ ምልክቱ ይሙሉት።

ሞተሩ እየሠራ ልኬቱ ከ15 ቮልት ካለፈ፣ ወይም ቻርጅ የተደረገው ባትሪ አድሮ ከደከመ፣ ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ቢያሳዩ መልካም ነው።