የሰማይ ጠባይ በሐርጌሳና በአገር ቤት



እኛ በአሕመድ ዳጋህ የምንማርና የምናስተምር ሰዎች ከብዙ ቦታ የተሰባሰብን ነን። የአንዳችን ቤተሰብ ከአዲስ አበባ፣ የሌላችን ከጎንደር ወይም ከወሎ፣ የብዙዎቻችን ደግሞ ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከጅግጅጋ የመጣ ነው። ልጆቹ ግን በአብዛኛው እዚሁ ሐርጌሳ ያደጉ ናቸው። ስለዚህ ስለ አየር ጠባይ ስናወራ ብዙ ጊዜ አንግባባም። እናት ስለ ውርጭ ስታወራ ልጅ ተረት ይመስለዋል። ልጅ ደግሞ ደረቁ ወንዝ በድንገት ሞላ ሲል ከደጋ የመጣ አጎቱ ያጋነነ ይመስለዋል። ለአንዱ ብርቅ የሆነው ለሌላው የየዓመቱ ነገር ነው።

በዚህ ትምህርት አምስት እንዲህ ያሉ ነገሮችን እንመለከታለን። በአምስቱም ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ፦ ሰማዩ ያልተለመደ ነገር ሲያሳየን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዓይናችን ራቅ ብሎ ነው። ይህን ያወቀ ሰው መደነቁ ባይቀርም አደጋውን ቀድሞ ያያል።

፩. ዝናቡ ለምን በተለያየ ወር ይመጣል?

አገር ቤት ያደገ ሰው ዝናብ ሲባል ሐሳቡ ወደ ሐምሌና ነሐሴ ይሄዳል። እዚህ ግን ዋናው የዝናብ ወቅት ጉ ነው፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ ይዘልቃል። ከእርሱ ቀጥሎ ነፋሻው ሐጋ፣ ከዚያ አጭሩ ደይር፣ በመጨረሻም ደረቁ ጂላል ይመጣል።

የልዩነቱ ምክንያት የዝናብ ቀበቶ የሚባለው ነው። ፀሐይ አብዝታ በምታሞቀው የምድር ክፍል አየሩ ይሞቃል፤ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝም በውስጡ ያለው እርጥበት ደመና ይሆናል። ይህ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ተመልሶም ይመጣል። ክረምት ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ሲያርፍ ጫፉ ሐርጌሳንም ይነካታል። በሐምሌና በነሐሴ እዚህ የሚጥለውን ዝናብ የአገሬው ሰው ካራን ይለዋል። እንግዲህ አያቶቻችን አገር ቤት ክረምት ከበደ ሲሉንና እኛ እዚህ ካራን ሲያካፋብን፣ የምናወራው ስለ አንድ የዝናብ ቀበቶ ነው። መጠኑ ግን ይለያያል፦ አዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ስታገኝ ሐርጌሳ የምታገኘው ወደ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲመጡ አገር ቤት ልጆች “ጅብ ወለደች” ይላሉ። ቀስተ ደመናንም “የማርያም መቀነት” እንላታለን። ቀስተ ደመና የምትታየው ፀሐይ ከጀርባችን፣ ዝናቡ ከፊታችን ሲሆን ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከዘነበ ወደ ምሥራቅ፣ ጠዋት ከዘነበ ወደ ምዕራብ እንፈልጋት።

፪. በረዶና ውርጭ

በረዶ የሚወለደው በትልቅ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ነው። ወደ ላይ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የዝናብ ጠብታዎችን እጅግ ወደሚቀዘቅዘው የደመና ክፍል ይወስዳቸዋል፤ እዚያም ይረጋሉ። ነፋሱ ሊሸከማቸው እስኪያቅተው ድረስ ሌላ ውኃ እየተለጠፈባቸው ያድጋሉ። ትልቅ የበረዶ ፍሬ ለሁለት ቢሰነጠቅ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ሆኖ ይገኛል።

ውርጭ ግን ከደመና አይወርድም፤ የሚመጣውም ደመና በሌለበት ሌሊት ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ጋቢው ሲነሣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቅቃለች። 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው። የሐርጌሳ ከፍታ ወደ 1300 ሜትር ስለሆነ ውርጭ አናይም፤ የጂላል ሌሊት የሚበርደን ግን በዚያው ምክንያት ነው።

፫. የበርበራ ትኩስ ነፋስ

በሐጋ ወራት ሐርጌሳ ነፋሻና አቧራማ ናት፤ ቢሆንም ያስችላል። በዚያው ሰሞን በርበራ ትቃጠላለች፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከነዋሪዎቿም ብዙዎቹ ወደ ሼኽ፣ ወደ ቡርዖና ወደ ሐርጌሳ ይወጣሉ። ሁለቱን ከተሞች የሚመታው ግን ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣው ያው ነፋስ ነው።

ደረቅ አየር ቁልቁል ሲወርድ ይታመቃል፤ ሲታመቅም ይሞቃል። በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። 28 ዲግሪ ሙቀት ይዞ ከ1300 ሜትር ከፍታ ቁልቁል የተነሣ ነፋስ ባሕር ዳርቻ ሲደርስ 41 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። የባሕር ዳርቻው ሜዳ በሶማልኛ ጉባን ይባላል፤ ትርጉሙም “የተቃጠለ” ማለት ነው።

፬. የፀሐይ ግርዶሽ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መሰለች። ያ ቀለበታማ ግርዶሽ ይባላል። ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ ከምድር ራቅ ካለች ትንሽ መስላ ስለምትታይ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አትችልም፤ ዙሪያዋን ብርሃን ይተርፋል። ሐርጌሳ ሆኖ ላየ ሰው ደግሞ ፀሐይ ተገምጣ ታየች እንጂ ቀለበት አልሠራችም፤ ምክንያቱም ቀለበቱ የሚታየው በጠባብ መስመር ላይ ብቻ ነው።

ቀጣዩን ቀን ከአሁኑ እንመዝግብ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027) ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። የጥላው መስመር ግብፅን፣ ሳዑዲ ዓረቢያንና የመንን አቋርጦ የአፍሪካ ቀንድን ሰሜን ምሥራቃዊ ጫፍ ይነካል። ሐርጌሳ ከመስመሩ ውጭ ብትሆንም ከሰዓት በኋላ የፀሐይ ሰፊ ክፍል ሲሸፈን እናያለን።

እዚህ ላይ ወላጆች እንዲረዱን የምንፈልገው ነገር አለ። በግርዶሽ ጊዜ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። የዓይናችን የውስጠኛው ክፍል ሕመም ስለማይሰማው ልጁ መጎዳቱን በሰዓቱ አያውቅም። ተራ የፀሐይ መነጽር፣ የራጅ ፊልም ወይም በሳፋ ውኃ ውስጥ የሚታይ ነጸብራቅ አያድንም። ካርቶን በመርፌ በስቶ፣ ለፀሐይ ጀርባን ሰጥቶ፣ በቀዳዳው የሚያልፈውን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ ማየት ግን ደኅና መንገድ ነው። ከዛፍ ሥር ብንቆምም በቅጠሎቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃን መሬት ላይ ብዙ የተገመጡ ፀሐዮችን ሲሥል እናያለን።

፭. ሳይዘንብ የሚመጣ ጎርፍ

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምንፈልገው ይህን ነው። በሐርጌሳ መካከል የሚያልፈው የማሮዲ ጄህ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ቀን አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አሸዋ ስለሆነ ብቻ ወንዝ መሆኑ ይረሳል።

ከድሬዳዋ የመጡ ወላጆቻችን ይህን ታሪክ ያውቁታል። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ፣ እንዲሁ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ከባድ ዝናብ ጣለ። ውኃው ተሰብስቦ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ቁልቁል መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትም ቤታቸውን አጡ። ያን ሌሊት የገደለው ውኃ በአብዛኛው የዘነበው ከተማዋ ላይ ሳይሆን ከበላይዋ ባሉት ተራሮች ላይ ነበር።

በሶማሊላንድም ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው የባሕር አውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በአውዳል ዳርቻ ወደ የብስ ገባ። በሰሜን ሕንድ ውቅያኖስ ከተመዘገቡት አውሎ ነፋሶች ሁሉ ወደ ምዕራብ ርቆ የብስ የመታው እርሱ ነው። ዝናብ ብርቅ በሆነበት ዳርቻ ደረቅ ወንዞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞሉ። ብዙ ሰው ሞተ፤ አርብቶ አደሮችም መንጎቻቸውን አጡ። ጎርፉ እስከ ጂቡቲና እስከ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ተሰማ።

አሸዋ ውኃ ይመጥጣል ብለን ልንተማመን አይገባም። ከተራራ የሚወርደው ውኃ አሸዋው ከሚመጥጠው ይልቅ ይፈጥናል። ቁርጭምጭሚት አልፎ የሚፈስ ፈጣን ውኃ ትልቅ ሰው ሊጥል፣ ጉልበት የደረሰ ደግሞ መኪና ሊወስድ ይችላል። “እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ” የሚባለው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ፦

• ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ወይም ነጎድጓድ ከተሰማ፣ በላያችን ፀሐይ ቢሆንም እንኳ ወደ አሸዋው አንውረድ።
• የሚያጓራ ድምፅ ከሰማን፣ ቀጭን ጭቃማ ውኃ ወይም ቅጠልና ግንጣይ ሲመጣ ካየን፣ ወደ ቅርቡ ከፍታ እንሩጥ። ጫማና ደብተር ለማንሣት አንመለስ።
• ወንዝ ከሞላ በኋላ በእግር ለመሻገር አንሞክር፤ ድልድይ እንፈልግ ወይም እስኪጎድል እንጠብቅ።
• ወላጆች፣ ልጅ በዝናብ ምክንያት ቢዘገይ አትቆጡት። ቁጣ የፈራ ልጅ በሞላ ወንዝ ይሻገራል።

መልመጃ

1. መብረቅ ካየን ከ9 ሰከንድ በኋላ ነጎድጓዱ ተሰማ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። መብረቁ ከእኛ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? ቦታው ከወንዙ በላይ ቢሆን ምን እናደርጋለን?
2. ከ1500 ሜትር ከፍታ በ25 ዲግሪ የተነሣ ደረቅ ነፋስ ባሕር ዳርቻ ሲደርስ ስንት ዲግሪ ይሆናል?
3. እናትህን ወይም አባትሽን፣ አያት ካሉም አያትን ጠይቁ፦ ባደጉበት አገር ያዩት ከሁሉ የከፋ ጎርፍ፣ በረዶ ወይም ውርጭ የቱ ነበር? ሰዎች አስቀድመው ያዩት ምልክትስ ነበር? መልሱን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለክፍል አምጡ።
4. ከቤታችሁ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሥሉ። ውኃ የሚወርድባቸውን ቦታዎች በሰማያዊ፣ ከፍ ያሉትን ደግሞ በቀይ ቀለም አመልክቱ። ሥዕሉንም ታናናሾቻችሁ በሚያዩት ግድግዳ ላይ ለጥፉት።