የናፍጣ ሞተር በብርድ ጠዋት ለምን አልነሣም ይላል?

እንደሚታወቀው የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ ፖምፓው የገፋው ናፍጣ በዚህ አየር ላይ ሲረጭ እሳቱ በራሱ ይነሣል። ስለዚህ ሞተሩ የሚፈልገው ግለትና ናፍጣ ነው። ከሁለቱ የጎደለውን ሳናውቅ መፍቻ ማንሣት አይገባንም። ፖምፓው ያለ ጥፋቱ ተፈትቶ ልኩ ከተዛባ ትንሹ ጉድለት ትልቅ ወጪ ይሆናል፤ መኪናው የባለቤቱ እንጀራ ነውና በእርሱ ኪሳራ አንማር።

በኤሌክትሮኒክ የሚሠሩት የዛሬ ሞተሮች ጉድለታቸውን በመመርመሪያ መሣሪያ ይናገራሉ። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት የጀመረው ዓይነት መካኒካል ፖምፓ ያለው ሞተር ግን የሚናገረው በጢስ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሪኖው ሞተሩን በፍጥነት ማዞሩን እንመልከት። ባትሪው ደክሞ በዝግታ ካዞረው፣ የተጨመቀው አየር ግለቱን ቀዝቃዛው ሲሊንደር ይወስድበታል። ቀጥሎ አንዳችን ስናስነሣ ሌላችን የጢስ ማውጫውን እንይ።

ጢስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም። የናፍጣ መዝጊያው ተዘግቶ እንዳልቀረና ፊልትሮው እንዳልተደፈነ እንመርምር፤ ከዚያ በእጅ ፖምፓ ገፍተን አየሩን እናስወጣ። ወዲያው ተነሥቶ በማግስቱ እንደገና እንቢ ካለ፣ ሌሊት በላላ መጋጠሚያ አየር እየገባ ነው።

ነጭ ጢስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ያልነደደው ግለት አጥቶ ነው። ማሞቂያ ካንዴላ ካለው፣ የእያንዳንዱን ሽቦ ነቅለን በኦም መለኪያ እንፈትን፤ ምንም የማያሳልፈው ተቃጥሏል። ሁሉም ደኅና ከሆኑ ኮምፕሬሽኑን እንለካ፤ የፒስተን ቀለበቶች ወይም ቫልቮች አርጅተው ይሆናል። ኢንጀክተሮቹና የፖምፓው ልክ የሚመረመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ያለ ችግር የሚነሣ ያረጀ ሞተር እዚህ በጠዋት ብርድ ሊያስቸግር ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር፤ ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ኤተር አይረጭ። በጋለው ካንዴላ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ጢሱን አስቀድሞ የተመለከተ ግን ፖምፓውን በከንቱ አይፈታም።